ለመሆኑ 74 ቢሊዮን ስንት ነው?

ስለ ሕዳሴው ግድብ ሲወራ «74 ቢሊዮን» የሚለው ቁጥር አብሮ ይነሣል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ እስኪያበቃና ከዚያም ወዲህ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይና በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ስንሰማው ኖረናል። ግድቡ ከጀርባው የሚይዘው ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ይሁንና አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ቀና ብሎ «አባዬ፣ 74 ቢሊዮን ስንት ነው?» ቢለን፣ ብዙዎቻችን «ኧረ በጣም ብዙ ነው» ብለን ወደ ሌላ ወሬ እንሻገራለን።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቤተሰቦች ደግሞ ይህ የሩቅ አገር ቁጥር አይደለም። ግድቡ ያለበት ጉባ በመተከል ዞን ነው። ከዓባይ ወዲህ ማዶ የአሶሳ ዞን አለ፤ በባህላዊ መንገድ ወርቅ በማጠብ የሚታወቀው መንጌ ወረዳ ከዚሁ ዞን ነው። የመንጌ ልጅ ስለ 74 ቢሊዮን ሲሰማ የሚሰማው ስለ ጎረቤቱ ውኃ ነው። ታዲያ ቁጥሩን ለማስረዳት አስተማሪ መሆን ወይም ብዙ ክፍል መቁጠር የግድ አይደለም። እርሳስ፣ አንድ ወረቀትና የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ይበቃል።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ይህ ውጤት የአንድ የትምህርት ዓይነት ወይም የአንድ ምክንያት ውጤት አይደለም። ነገር ግን ልጅ ቁጥር መፍራት የሚጀምረው 12ኛ ክፍል ሲደርስ አይደለም፤ ገና ትልቅ ቁጥር ሲያይ «ይሄ ለእኔ አይደለም» ማለት በለመደበት ቀን ነው። ያ ልማድ ሥር እንዳይሰድ ቤት ውስጥ መያዝ ይቻላል።

አያት ሚልያር፣ የልጅ ልጅ ቢሊዮን

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ከሱዳን ድንበር አካባቢ የኖሩና ዓረብኛ የሚሰሙ አዛውንቶች «ሚልያር» ሲሉ ይሰማል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞ የመጣው ቃል «ቢሊዮን» ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሺሕ ጊዜ ሚሊዮን ማለት ናቸው። አያትና የልጅ ልጅ በዚህ ምክንያት እንዳይከራከሩ በቁጥር ጻፉት፦ 74,000,000,000። ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ሦስት አኃዝ እየቆጠራችሁ ነጠላ ሰረዝ አድርጉ። የመጀመሪያው ሰረዝ ሺሕ፣ ሁለተኛው ሚሊዮን፣ ሦስተኛው ቢሊዮን ነው። ይህን የያዘ ልጅ ማንኛውንም ትልቅ ቁጥር ያነባል።

በግዕዝ አኃዝ ማንበብ የለመደ አያት ካለ ደግሞ ልጁን የሚያስደንቅ ነገር በእጁ አለ። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም። ትልቁ ምልክት ፼ ነው፤ እልፍ፣ አሥር ሺሕ ማለት ነው። እልፍ ጊዜ እልፍ መቶ ሚሊዮን ይሆናል። 74 ቢሊዮን ደግሞ 740 ጊዜ መቶ ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ፯፻፵፼፼ ተብሎ ይጻፋል። በዘመኑ አኃዝ አሥራ አንድ ቦታ የሚወስደው ቁጥር በአምስት ምልክት አለቀ።

አሁን መጠኑ ይምጣ። ሚሊዮንና ቢሊዮን ለጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው በጊዜ ሲለካ ግን በደንብ ይታያል። 74 ሚሊዮን ሴኮንድ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ድክ ድክ ብሎ አልፎ መሮጥ ይጀምራል። 74 ቢሊዮን ሴኮንድ ግን 2,345 ዓመት ገደማ ነው። ያን ያህል ወደ ኋላ ብንመለስ የአክሱም ሐውልቶች ገና አልቆሙም። ዜና አንባቢ ሚሊዮኑን ቢሊዮን ብሎ ቢሳሳት የተሳሳተው በአንድ ፊደል ሳይሆን በዚህ ልክ ነው። ልጆች ይህን አንድ ጊዜ ከሰሙ አይረሱትም።

በጀሪካን ሲለካ

ሜትር ኪዩብ ለልጅ ሩቅ ቃል ነው፤ ጀሪካን ግን ጀርባው ላይ ያውቀዋል። አንድ ሜትር ኪዩብ አንድ ሺሕ ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሃምሳ ይሞላል። ስለዚህ የግድቡን ውኃ በጀሪካን ለማወቅ 74 ቢሊዮንን በ50 ማባዛት ነው።

እዚህ ላይ አያት ሊያስተምር የሚችለው የቆየ ዘዴ አለ። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያውያን ብዜት» እየተባለ ይጠራል፤ የጥንት ግብፃውያንም በእጥፍ ይቆጥሩ ነበር። ዘዴው መግመስና ማጠፍ ብቻ ነው፤ የማባዣ ሠንጠረዥ መሸምደድ አይጠይቅም። ለጊዜው ዜሮዎቹን ትተን 74ን በ50 እናባዛ። በግራ በኩል 74 ይጻፍና በየመስመሩ ይገመስ፤ ጎዶሎ ሲሆን የሚተርፈው አንድ ይተው። በቀኝ በኩል 50 ይጻፍና በየመስመሩ ይታጠፍ፦

74 — 50
37 — 100
18 — 200
9 — 400
4 — 800
2 — 1,600
1 — 3,200

አሁን በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች ብቻ እንመልከት። 37፣ 9 እና 1 ናቸው። ትይዩአቸው 100፣ 400 እና 3,200 ነው። ሲደመሩ 3,700 ይሆናሉ። 74 ጊዜ 50 በትክክል ይኸው ነው። ለምን ይሠራል? 37 ሲገመስ አንድ ይተርፋል፤ ያ ትርፍ አንድ በዚያ መስመር ላይ ዋጋው 100 ነው። 9 ሲገመስም አንድ ይተርፋል፤ ዋጋው 400 ነው። መጨረሻ ላይ የተረፉትን ሰብስቦ መቁጠር ነው፤ የገበያ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ዜሮዎቹን ስንመልስ የግድቡ ውኃ 3,700 ቢሊዮን ጀሪካን ሆነ። አሁንም «ብዙ» ከማለት አላለፍንም፤ ስለዚህ እናካፍለው። የአገራችንን ሕዝብ በግርድፉ 130 ሚሊዮን ብንል ለእያንዳንዱ ሰው፣ ዛሬ የተወለደውን ሕፃን ጨምሮ፣ 28,461 ጀሪካን ይደርሰዋል። በየቀኑ አንድ አንድ ጀሪካን ቢወስድ 78 ዓመት ገደማ ይቆየዋል። አንድ ሙሉ ዕድሜ ማለት ነው። እርግጥ ሐይቁ እንዲህ ተቀድቶ የሚያልቅ የቆመ ውኃ አይደለም፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይተናል። ሒሳቡ የሚነግረን መጠኑን ብቻ ነው።

ስለ ጥልቀቱም ልጁ ይጠይቅ ይሆናል። ሐይቁ ሲሞላ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊዮን ስኩዌር ሜትር ነው። 74,000,000,000 ለ1,874,000,000 ሲካፈል ከሁለቱም ወገን ስድስት ስድስት ዜሮ ይሰረዝና 74,000 ለ1,874 ይቀራል። መልሱ 39.5 ሜትር ገደማ ነው። የዋናው ግድብ ቁመት 145 ሜትር እንደሆነ የሰማ ልጅ «ታዲያ ለምን አነሰ?» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውኃው ግድቡ አጠገብ ጥልቅ ነው፤ ወደ ዳርና ወደ ሽቅብ ሲሄድ ይሳሳል። 39.5 ሜትር አማካይ ነው። አማካይ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በመጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ቁጥሩን እስከ ሥሩ መግመስ

የቁጥር ጠባይ የሚታወቀው ሲከፋፈል ነው። ልጁ 74 ቢሊዮንን ደጋግሞ ይግመሰው፤ አያት ደግሞ ስንት ጊዜ እንደገመሰ በባቄላ ይቁጠሩለት። 37 ቢሊዮን፤ 18 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን፤ 9 ቢሊዮን ከ250 ሚሊዮን፤ 4,625,000,000፤ 2,312,500,000፤ 1,156,250,000፤ 578,125,000፤ 289,062,500፤ 144,531,250፤ 72,265,625። እዚህ ሲደርስ ይቆማል፤ የመጨረሻው አኃዝ 5 ስለሆነ ከእንግዲህ ያለ ትራፊ አይገመስም። አሥር ባቄላ ተቆጥሯል።

አሁን በ5 ማካፈል ነው። 14,453,125፤ 2,890,625፤ 578,125፤ 115,625፤ 23,125፤ 4,625፤ 925፤ 185፤ 37። ዘጠኝ ጊዜ ሆነ። ከዚያ በኋላ 37 ቀረ። 37 ደግሞ ከ1ና ከራሱ በስተቀር በምንም ያለ ትራፊ አይካፈልም። እንዲህ ያሉት በትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» ይባላሉ። 2ም 5ም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው።

ስለዚህ 74 ቢሊዮን አሥር ሁለቶች፣ ዘጠኝ አምስቶችና አንድ 37 ተባዝተው የወለዱት ቁጥር ነው። ማንም ሰው፣ በየትም አገር፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢከፋፍለው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው እነዚህኑ ነው። በ5 ጀምሮ በ2 ቢጨርስም ለውጥ የለውም። የሒሳብ ሰዎች ይህን ከታላላቅ የቁጥር ሕጎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ልጁ በ5 ጀምሮ ራሱ ቢያረጋግጠው ሕጉ የመጽሐፉ መሆኑ ቀርቶ የራሱ ይሆናል።

ከዚህ አንድ ተጨማሪ ነገር ይገኛል። 74 ቢሊዮን ያለ ትራፊ በስንት ቁጥሮች ይካፈላል? አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልግም። ከሁለቶቹ ምንም አለመውሰድ ወይም እስከ አሥሩ መውሰድ ይቻላል፤ 11 ምርጫ ነው። ከአምስቶቹ በዚሁ መንገድ 10 ምርጫ አለ። 37ን መውሰድ ወይም መተው 2 ምርጫ ነው። 11 ጊዜ 10 ጊዜ 2፣ 220 ይሆናል። ያለ ትራፊ የሚያካፍሉት ቁጥሮች በትክክል 220 ናቸው።

37 የተባለው ተጫዋች

ከሦስቱ ሥሮች ልጆችን የሚያስቀው 37 ነው። በ3 ሲባዛ 111 ይሆናል፤ በ6 222፤ በ9 333፤ እንዲህ እያለ በ27 ሲባዛ 999 ይደርሳል። ከዚህ የተነሣ አንድ ትልቅ ቁጥር በ37 ይካፈል እንደሆነ ሳያካፍሉ ማወቅ ይቻላል። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሦስት ሦስት አኃዝ እየያዙ መቁረጥና ቁራጮቹን መደመር ነው። ለምሳሌ 148,037ን እንውሰድ። 148 ሲደመር 37፣ 185 ነው። 185 ደግሞ 5 ጊዜ 37 ነው። ስለዚህ 148,037 በ37 ይካፈላል፤ መልሱ 4,001 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። 1,000 ማለት 999 ሲደመር 1 ነው፤ 999 በ37 ስለሚካፈል ለ37 ሲባል አንድ ሺሕ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ሌላም አለ። በ37 የሚካፈል ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይጻፍ፤ 148 ይሁን። የፊተኛውን አኃዝ ወደ ኋላ እንውሰደው፦ 481። ደግመን፦ 814። ሦስቱም በ37 ይካፈላሉ፤ 4፣ 13 እና 22 ጊዜ። የእራት ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊያሳልፍ ይችላል።

ለሦስት ልጆች እኩል አይደርስም

74 ቢሊዮን ትልቅ ቢሆንም ለሦስት ልጆች እኩል አይካፈልም። ይህን ለማወቅ አኃዞቹን መደመር ይበቃል። 7 ሲደመር 4፣ 11 ነው፤ ዜሮዎቹ አይጨምሩም። 11 በ3 ስለማይካፈል ትልቁም ቁጥር አይካፈልም፤ 2 ይተርፋል። በ9 ቢካፈልም የሚተርፈው 2 ነው። ለሰባቱ የሳምንት ቀናትም እኩል አይደርስም፤ 3 ይተርፋል።

ግድቡ 13 ተርባይኖች አሉት። አሥራ አንዱ 400 ሜጋ ዋት፣ ሁለቱ 375 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ልጁ ቢደምር 5,150 ሜጋ ዋት ያገኛል፤ ሲነገር የምንሰማው ቁጥር ነው። ታዲያ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩቡ ለ13ቱ እኩል ቢከፈልስ? ለእያንዳንዱ 5,692,307,692 ደርሶ 4 ሜትር ኪዩብ ይተርፋል። ሁለት መቶ ጀሪካን መሆኑ ነው። ተርባይኖች ውኃ የሚካፈሉት እንዲህ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ዓላማችን የቁጥሩን ጠባይ ማየት ነው። ሥሮቹ 2፣ 5 እና 37 ብቻ ስለሆኑ 3፣ 7፣ 11 ወይም 13 ያለ ትራፊ ሊያካፍሉት አይችሉም። ቁጥር በመተለቁ ለሁሉም እኩል አይዳረስም፤ ወሳኙ ከምን እንደተሠራ ነው።

አኃዝ የመደመር ዘዴ የልጅን የቤት ሥራ ለማረምም ይጠቅማል። 74 ጊዜ 50 ስንት ነው? ልጁ 3,700 ብሏል። የ74 አኃዞች ድምር 11፣ እንደገና ሲደመር 2። የ50 ደግሞ 5። 2 ጊዜ 5፣ 10፤ ሲደመር 1። የመልሱ 3,700 አኃዞች ድምርም 10፣ ማለትም 1። ተገናኙ። ባይገናኙ ኖሮ መልሱ በእርግጠኝነት ስሕተት ነበር። መገናኘታቸው ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ልጁ አኃዝ አቀያይሮ 7,300 ቢጽፍም ድምሩ ያው 10 ነው። ይህ ዘዴ ብዙ ስሕተት ይይዛል፣ ሁሉን ግን አይይዝም። ዘዴን ከነጉድለቱ ማስተማር ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

የተቆጠረና የተለካ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከላይ ያየናቸው አሥር ሁለቶችና ዘጠኝ አምስቶች ከየት መጡ? አብዛኞቹ የመጡት ከዜሮዎቹ ነው። እያንዳንዱ ዜሮ አንድ 2ና አንድ 5 ይዞ ይገባል። ዜሮዎቹን ደግሞ ያስቀመጠው ውኃው ሳይሆን ቁጥሩን የጠጋጋው ሰው ነው። 74 ቢሊዮን ግድቡ ሲሞላ የሚይዘውን መጠን የሚናገር የተጠጋጋ ልክ ነው፤ ማንም ውኃውን በጀሪካን አልቆጠረም። ሐይቁ በየሰዓቱ ከፍና ዝቅ ይላል።

አንድ ሜትር ኪዩብ ብቻ ብንጨምርበት 74,000,000,001 ይሆናል። የአኃዞቹ ድምር 12 ስለሆነ አሁን ለሦስት ልጆች እኩል ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 24,666,666,667። በአንጻሩ በ2፣ በ5 እና በ37 መካፈሉ ቀረ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ሥር ግን አይጋሩም። ለውኃው አንድ ሜትር ኪዩብ ከምንም የማይቆጠር ሲሆን ለቁጥሩ ግን ጠቅላላ ማንነቱን ይቀይረዋል።

ይህን ልዩነት የመንጌ ወርቅ አጣቢ ከማንም በላይ ይረዳዋል። ስንት ሰው እንደሠራ ይቆጠራል፤ ሦስት ሰው ሦስት ሰው ነው። ወርቁ ግን ይመዘናል። ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር የሚታመነው በሚዛኑ ልክ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለችው አኃዝም ገንዘብ ናት። ልጅን «ይህ ቁጥር ተቆጥሮ ነው ወይስ ተለክቶ? ማን ለካው? በምን?» ብሎ መጠየቅን ማስለመድ፣ ዜና ሲያነብም ገበያ ሲወጣም የሚጠብቀው ነገር ነው።

«ሁለት ሰው አምጣ» ሲሉ

መግመስን ካየን ማጠፍም ከባድ ጉዳይ አለው፤ ይህ ክፍል ለወጣት ልጆች ወላጆች ነው። «ትንሽ ገንዘብ ከፍለህ ግባ፣ ሁለት ሰው አምጣ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያመጣሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ትሰበስባለህ» የሚሉ ሰዎች በከተማም በገጠርም ይዞራሉ። ልጁ ከመክፈሉ በፊት ወረቀት ያውጣ።

አንድ ሰው ሁለት ያመጣል፤ ሁለቱ አራት፤ አራቱ ስምንት። በአሥረኛው ዙር 1,024 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ቅድም 74 ቢሊዮንን አሥር ጊዜ ስንገምስ በአንድ ላይ ያካፈልነው በዚሁ ቁጥር ነበር። በሃያኛው ዙር 1,048,576። በ27ኛው 134,217,728፤ 130 ሚሊዮን ካልነው የአገራችን ሕዝብ በለጠ። አንድ ዙር አንድ ሳምንት ቢፈጅ ገና ስድስት ወር ገደማ ነው። በ33ኛው ዙር 8,589,934,592፤ ከዓለም ሕዝብ ይበልጣል። በ37ኛው ዙር ደግሞ 74 ቢሊዮንን አልፎ ይሄዳል።

ሰው የሚያልቀው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ዙሩ በቆመ ጊዜ ደግሞ ከገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጨረሻው ዙር የገቡ ናቸው፤ ሁልጊዜ የመጨረሻው ዙር ከእሱ በፊት ከገቡት ሁሉ ድምር ይበልጣልና። እነሱ ከፍለዋል፣ የሚከፍላቸው ግን የለም። ይህን ለማወቅ የባንክ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ማጠፍ የሚችል አያት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልጁን ከኪሳራ ሊያድነው ይችላል።

በዚህ ሳምንት ከልጅዎ ጋር ይሞክሩት

አንደኛ፣ ልጁ 74,000,000,000ን ጽፎ ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ አንድ ዜሮ ቀንሱና ደግሞ ያንብብ።

ሁለተኛ፣ የቤታችሁን የአንድ ቀን የውኃ ፍጆታ በጀሪካን ቁጠሩ። በ365 አባዙት፤ በመግመስና በማጠፍ ይሁን። መልሱን አኃዝ በመደመር ፈትሹ።

ሦስተኛ፣ በአካባቢያችሁ ከሚታወቅ አንድ ትልቅ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከወረዳችሁ የሕዝብ ብዛት ጋር ይህንኑ አድርጉ። በ2 ስንት ጊዜ ይገመሳል? በ3 ይካፈላል? በ37ስ? የተቆጠረ ነው ወይስ የተጠጋጋ?

እናት ወይም አባት «እኔ ሒሳብ አልችልም» ብለው ልጅ ፊት ባይናገሩ ይመረጣል፤ ልጅ ይህን እንደ ውርስ ይቀበለዋል። ካልገባዎት «እስቲ አንተ አሳየኝ፣ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ» ይበሉት። ሌላ ሰው ለማስረዳት የሚሞክር ልጅ ሁለት ጊዜ ይማራል። ያልተማሩ አያትም ቢሆኑ ባቄላ ይቁጠሩ፤ አሥረኛዋ ላይ ልጁ «አያቴ፣ ከእንግዲህ አይገመስም» ሲል ለምን እንደማይገመስ ይጠይቁት።